ደንገጎ ላይ መኪናዋ ለፈላባት፣ ስትመለስ ፍሬኑ ለለሰለሰባት እህቴ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሌላውም እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ አራት ወርሽ ነው፣ ማንዋል ያሪስ ገዝተሻል፣ እሁድ ዕለት እናትሽንና ሁለት እህቶችሽን ጭነሽ ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጪ ደንገጎ ዳገት ላይ ከሲኖ ኋላ ቆመሽ መኪናው ሦስቴ ጠፋብሽ፣ ወደ ኋላም ተንሸራተተ። ትንሽ ወጣ እንዳልሽ ቀዩ የሙቀት መብራት በራ፣ አንድ ልጅ መጥቶ የራዲያተሩን ክዳን ልክፈትልሽ አለሽ፣ እናትሽ ከለከሉት። ማታ ስትመለሺ ደግሞ የአጎትሽ ልጅ "ዜሮ አድርጊው ነዳጅ ይቆጥብልሻል" ብሎሽ በዜሮ ማርሽ ወረድሽ፣ ታች ልትደርሺ ስትይ የተቃጠለ ነገር ሸተተሽ፣ የፍሬን ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ሆነ። ጎማ መቀየርም አላውቅም ብለሻል። ጥያቄሽ "መኪናው ነው ወይስ እኔ ነኝ?" የሚል ነው።

ሁለታችሁም ናችሁ አቦ፣ ግን ከሁለታችሁ በላይ የአጎትሽ ልጅ ነው።

እኔ ድሬ ላይ መኪና ስጠግን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ሙያውን የጀመርኩት ግን ሐረር ነው፣ ማርሹ መሪው ላይ ባለው በዛ በፔጆ 404 ታክሲ። ደንገጎን በሱ እየወጣሁ እየወረድኩ ስለኖርኩ እዛ መንገድ ላይ መኪና ምን እንደሚሆን ሳላየው መናገር እችላለሁ።

ከፍሬኑ ልጀምር፣ ምክንያቱም ዳገቱ ላይ የሆነው ብር ነው የሚያስከፍልሽ፣ ቁልቁለቱ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነገር ሊያስከፍልሽ ነበር።

ድሬ ከባህር ወለል 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደንገጎ አናት ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር ይደርሳል፣ ስለዚህ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 800 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርጃለሽ ማለት ነው። ያሪሱ ከነሰዎቹ 1,200 ኪሎ ቢመዝን ያ ሁሉ ክብደት ሲወርድ የሚያመጣው ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በዜሮ ስትሆኚ መሄጃው ፍሬን ብቻ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አንፈቅፍቆ ለማፍላት ይበቃል፣ ይተርፋልም። እሱን ሙቀት ነው እንግዲህ ዲስኩን ጨብጠው በሚይዙ፣ ከእጅሽ መዳፍ ባነሱ ሸራዎችና በሁለት የፊት ዲስኮች ላይ የጫንሽው። የሸተተሽ ሸራው ነው።

የለሰለሰው ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ እያለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ ችግሩ ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚኖር ሲያረጅ መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። የገዛሽው መኪና ላይ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ አታውቂም፣ ሻጩም አያውቅም፣ ብዙ ሰው ጭራሽ መቀየር እንዳለበትም አያውቅም። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ዘይት አይታመቅም እንፋሎት ግን ይታመቃል፣ ስለዚህ አንቺ ፔዳሉን ስትረግጪ የምትጨምቂው እንፋሎቱን ነው፣ ግፊቱ ጎማው ጋ አይደርስም። እና ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፦ አድሮ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመልሶ ጠንካራ ይሆናል። "ተሻለው" ብለሽ እንዳትተዪው። አንዴ ከፈላ ይቀየራል፣ በደህናው ጊዜም በሁለት ዓመት አንዴ ማስቀየር ነው፣ ከዘይት ለውጥ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ደግሞ የካርቡሬተር ዘመን ወሬ ነው። ያሪስሽ ኢንጀክሽን ነው፣ ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርሽን ከነዳጅ ስታነሺ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በዜሮ ስታደርጊው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲል ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል። ማለት ለመቆጠብ ብለሽ ጨመርሽ። ጭራሽ ቁልፍ ዘግቶ የሚወርድም አለ፣ እሱንማ ተዪው፣ ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዝሽ ሰርቮ ሁለት ሦስት ረገጣ ነው የሚቀረው ከዛ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል፣ ቁልፉን ከነቀልሽው ደግሞ መሪው ይቆለፋል፣ የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ።

እንዴት ልውረድ ካልሽ በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ ይሉ ነበር የድሮ ሾፌሮች፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። አናቱ ላይ ገና መንገዱ ሳያዘቀዝቅ ሦስተኛ አስገቢ፣ መታጠፊያው ሲጠብብሽ ሁለተኛ፣ እና እግርሽን ከነዳጅ አንሺ። ሞተሩ ይጮሃል፣ 3,000 ዙር ላይ ቢጮህ ምንም አይሆንም፣ የለመድነው ከተማ ውስጥ ስለሆነ ነው የሚያስደነግጠን። ፍሬን ስትይዢ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ፍጥነቱ ሲወርድልሽ ሙሉ ለሙሉ ልቀቂ፣ ትንሽ ይንፈስ። እግርሽን ፔዳሉ ላይ አሳርፈሽ ሙሉውን መንገድ ላስ ላስ እያደረግሽ መውረድ ነው ሸራ የሚያቃጥለው።

ከኋላሽ ጫት የጫነ አይሱዙ መብራት እያበራ ጥሩምባ ሲነፋ ልብሽ እንደሚመታ አውቃለሁ። የአወዳይ ጫት ሳይጠወልግ መድረስ አለበት፣ ሰውየው ለሱ ነው የሚከፈለው፣ አንቺ ግን ጫት አልጫንሽም። ፍሬቻ አሳይተሽ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ጥግ ያዢና አሳልፊው፣ ከሱ ለማምለጥ ብለሽ ማርሽሽን እንዳትለውጪ።

ፍሬኑ ጭራሽ እምቢ ቢልስ? ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግመሽ ርገጪ፣ አንዳንዴ ግፊት ይሰበስባል። እዛው ላይ ማርሽ አንድ በአንድ ቀንሺ፣ ከአራተኛ ወደ አንደኛ አትዝለዪ። የእጅ ፍሬኑን አውራ ጣትሽ ቁልፉን እንደተጫነ በዝግታ ጎትቺ፣ አንዴ ብድግ ካደረግሽው የኋላ ጎማ ይቆለፍና መኪናው ይዞርብሻል። ሃዛርድ አብሪ፣ ጥሩምባ ንፊ፣ ሌላ ምርጫ ካጣሽ ደግሞ ተራራው ባለበት በኩል ታከኪ፣ ገደሉ ባለበት በኩል አይደለም። ቦዲ ይሠራል።

አሁን ፍሬኑ ግሎ ከቆምሽ ሁለት ነገር አታድርጊ። አንደኛ ልጆች ውሃ ይዘው ይመጣሉ፣ "ጎማው ላይ እናፍስስልሽ" ይሉሻል፣ አይሆንም በያቸው፣ የጋለ ዲስክ ውሃ ሲነካው ይጣመምና ከዛ በኋላ ፍሬን በያዝሽ ቁጥር መሪው እጅሽ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛ የእጅ ፍሬኑን ጥርቅም አድርገሽ አትተዪው፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተሽ ከጎማው ስር ድንጋይ አድርጊና ይቀዝቅዝ። ስትሄጂ ድንጋዩን አንሺው እባክሽ፣ ማታ ባጃጅ እሱ ላይ ወጥቶ ሲገለበጥ አይቻለሁ።

ወደ ሙቀቱ እንምጣ። እናትሽን አመስግኛቸው። እኔ ገና ሰልጣኝ እያለሁ እዛው ደንገጎ ላይ የፈላ ሞተር ክዳን ከፍቻለሁ፣ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ አዋቂ መስሎኝ። ሩብ ዙር እንዳዞርኩት ክዳኑ ከእጄ ተነጠቀ፣ ውሃው ከኔ ቁመት በላይ ወጣና ሲመለስ ቀኝ ክንዴ ላይ ወረደ። ጠባሳው ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ አሁንም አለ፣ ሰልጣኝ በመጣ ቁጥር እጅጌዬን ሰብስቤ አሳየዋለሁ፣ ከዛ በኋላ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍት ድስት ላይ ውሃ ደንገጎ ከፍታ ላይ ወደ 93 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ራዲያተር ግን ታሽጓል፣ ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያለሽ፣ እሱ የሚይዘው ግፊት ነው። በዛ ግፊት ውሃው 115 ገደማ እስኪደርስ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑን ስትከፍቺው ግፊቱ ይጠፋል፣ 110 ላይ የነበረ ውሃ በአንዴ 93 ላይ መፍላት ወዳለበት ቦታ ይመጣል፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንፋሎት ልሁን ይላል። ለዛ ነው የሚፈነዳው።

ያሪስሽ ላይ ደግሞ አንድ ክፉ ነገር አለ፣ የሙቀት ጌጅ መርፌ የለውም። ሰማያዊ መብራት ሲበራ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ምንም ካልበራ ደህና ነው፣ ቀይ ከበራ ግን ነገሩ አልፏል። መርፌ ያለው መኪና ከፍ ከፍ ሲል ያስጠነቅቅሻል፣ ያንቺ ዝም ብሎ ቆይቶ አንዴ ይጮሃል። ስለዚህ ቀይ ሲበራ "እስከ አደሌ ልድረስና" የሚባል ነገር የለም፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚጣመመው፣ ጋስኬት (ከሱ ስር ያለው ማሸጊያ) የሚቃጠለው በዛች በሁለት ኪሎ ሜትር ነው።

ኤሲ ዝጊ፣ ከዛ ሂተሩን እስከ መጨረሻ ሙቅ ላይ አድርጊና ፋኑን ክፈቺ። የድሬ ልጅ ሂተር ነክቶ አያውቅም፣ ብዙዎቻችን ይሥራ አይሥራም አናውቅም፣ ግን ሂተር ማለት ሌላ ትንሽ ራዲያተር ነው፣ ከሞተሩ ሙቀት ይዞ እናንተ ላይ ይደፋዋል፣ መስኮት ከፍታችሁ ቻሉት። ቦታ እንዳገኘሽ ዳር ያዢ። እንፋሎት ካልወጣ ሞተሩን ሳታጠፊ ትንሽ ጠብቂ፣ ከፊት ያለው ፋን እየዞረ መሆኑን በድምፁ አረጋግጪ፣ የሚዞር ከሆነና መብራቱ ከጠፋ ጥሩ። ፋኑ ካልዞረ፣ እንፋሎት ከወጣ ወይም መብራቱ አልጠፋ ካለ ወዲያው አጥፊ፣ ኮፈኑን ከፍተሽ ራቅ በይ። ግማሽ ሰዓት ቢያንስ። ከዛ ከራዲያተሩ የሚወጣውን የላይኛውን ወፍራም ቱቦ በጨርቅ ጨበጥ አድርገሽ እዪው፣ ጠንክሮ ከተወጠረ ግፊት አለ፣ ገና ነው። ለስልሶ ሲጨበጥልሽና እጅሽን ሳያቃጥል ሲቀር ነው ክዳን የሚነካው። ውሃ ስትጨምሪ በቀስታ ይሁን፣ ትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ዥው ማድረግ ትኩስ ብርጭቆ ላይ በረዶ እንደመጨመር ነው፣ ይሰነጠቃል።

ለምን ፈላ ላልሽው ሳላየው በርግጠኝነት አልነግርሽም ግን የምጠረጥረውን ልንገርሽ። የድሬ ውሃ ጀበና ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ አይደል፣ ያ ነጭ ቅርፊት። መኪናውን ከአንቺ በፊት ይዞ የነበረው ሰው ዓመት ሙሉ የቧንቧ ውሃ ሲጨምርበት ከነበረ ያው ቅርፊት ራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ተጋግሯል። ከተማ ውስጥ ከከዚራ ሳቢያን ስትመላለሺ አይታወቅም፣ ከድሬ ሙቀት ተነስተሽ፣ ኤሲ ከፍተሽ፣ ሦስት ሰው ጭነሽ ዳገት ስትወጪ ነው የሚጋለጠው። አየሩም እየሳሳ ስለሚሄድ ሞተሩ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አስር በመቶ ያህል ያጣል፣ አንቺ ደግሞ በዛ ላይ ከሲኖ ኋላ በአንደኛ እየተንፏቀቅሽ ነበር፣ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም። ራዲያተሩን አሳጥቢው፣ ከዛ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ። የመኪናው ጥፋት ብዬ የማስበው ይሄኛውን ነው።

ዳገት ላይ መጥፋቱ ግን የልምድ ነው፣ አታፍሪ። መንጃ ፈቃድ ስትማሪ ሚዛን የተባለችው ነገር እኮ ነች፣ ግን አንድ ቀን ፈተና ላይ ሠርቶ መርሳት ነው የሁላችንም ነገር። የእጅ ፍሬን ጎትቺ፣ አንደኛ አስገቢ፣ ነዳጅ ትንሽ ስጪና ድምፁ ሳይለዋወጥ ያዢው። አሁን ፍሪሲዮኑን፣ የግራውን ፔዳል፣ ቀስ እያልሽ ልቀቂ። የሆነች ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ አፍንጫው ብድግ ይላል፣ መኪናው መቀመጫሽ ስር እንደታሰረ በግ ይወጠራል። እዛች ጋ እግርሽን አቁሚው። አትንቀሳቀሺ። አሁን የእጅ ፍሬኑን ስትለቂው ወደ ኋላ አይሄድም፣ ነዳጅ ጨምረሽ ፍሪሲዮኑን ጨርሰሽ ትለቂያለሽ። አንቺ የሳትሽው እዛች ቦታ ላይ ሳትቆሚ ስላለፍሻት ነው፣ ደንግጠሽ ቶሎ ስትለቂው ይጠፋል። ሜዳ ላይ ነዳጅ ሳትነኪ በፍሪሲዮን ብቻ ማስነሳት ሃያ ጊዜ ሞክሪ፣ እግርሽ ያገኛታል። ቆመሽ ስትጠብቂ ግን በፍሪሲዮን ይዘሽ አትቁሚ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ፍሪሲዮን በላሽ ይሉሻል። ከሲኖ ኋላ ስትቆሚ ደግሞ አንድ መኪና የሚያስገባ ቦታ ተዪ፣ እሱም ይንሸራተታል፣ አንቺን በስፖኪዮ አያይሽም።

ጎማ። ቀላል ነው፣ የሚከብደው ዳዶው፣ ጎማውን የሚያስረው ብሎን ነው። ሜዳ ቦታ ፈልጊ፣ ጎማው ቢበላሽም በዝግታ ትንሽ መንዳት ገደል አፍ ላይ ከመቀየር ይሻላል። ትሪያንጎሎውን ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ፣ መታጠፊያ ካለ ከመታጠፊያው በፊት አድርጊው። ዳዶዎቹን መሬት ላይ እያለ ግማሽ ዙር ፈታ አድርጊ፣ እምቢ ካለሽ መፍቻው ላይ በእግርሽ ቁሚበት፣ ከዛ ነው በክሪክ የሚነሳው። አንስተሽ ከሆነ የምትታገዪው መኪናው ከክሪኩ ይወድቃል። የወጣውን ጎማ መኪናው ስር አስገቢው፣ ክሪኩ ቢከዳ እሱ ይይዝልሻል። ስታስሪ በክብ ተራ ሳይሆን ፊት ለፊት ፊት ለፊት እያደረግሽ፣ ሐረር ስትደርሺ ደግሞ አንዴ ድገሚው፣ ይላላል። ስኮርታው፣ ተጠባባቂው ጎማ፣ ግን ንፋስ አለው? ሂጂና አሁን እዪው። ከአስር መኪና ስድስቱ ላይ የተኛ ነው የማገኘው። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፣ 2317 ካለ በ2017 በፈረንጅ 23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም የድሬ ፀሐይ ጎማ ያደርቃል፣ ስንጥቅጥቅ ካለ ደንገጎን አትውጪበት።

ባትሪም ያው ነው፣ ሙቀት ነው የሚገድለው። ቁልፍ ስታዞሪ ጠቅ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ መጀመሪያ ተርሚናሉን እዪ፣ ነጭ ዱቄት ካለበት በሙቅ ውሃ አጥበሽ አጥብቀሽ እሰሪው፣ ግማሹ ሰው በዚህ ምክንያት ነው አዲስ ባትሪ የሚገዛው። ማንዋል ስለሆነ በመግፋትም ይነሳል፣ ቁልፉን ክፈቺ፣ ሁለተኛ አስገቢና ፍሪሲዮን ርገጪ፣ ሲሮጥልሽ ባንዴ ልቀቂ፣ እንደተነሳ መልሰሽ ርገጪ። አውቶማቲክ ያለው ጓደኛሽ ይህን እንዳይሞክር።

አንድ የረሳሁት፣ ዳሽቦርድ ላይ መብራት ሲበራብሽ ስሙን ባታውቂውም ቀለሙን እዪ። ቀይ ከሆነ አሁን ቁሚ፣ ቢጫ ከሆነ ቀስ ብለሽ ጋራዥ ሂጂ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ወሬ ነው። ቀይ የዘይት ጣሳ ከሆነች ግን ዳር ለመያዝ የሚበቃሽ ጊዜ ብቻ ነው ያለሽ፣ ሞተሩን እዛው አጥፊ።

እንደገና ሐረር ለመሄድ ስትነሺ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጪ፣ መንገዱም አየሩም ቀዝቃዛ ነው። ከዛ በፊት ግን ፍሬን ዘይቱ ይቀየር፣ የፊት ሸራዎቹ ተፈትተው ይታዩ፣ ተቃጥለው ከሆነ ፊታቸው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ እነሱም ይቀየራሉ። ሲጨርሱልሽ ሞተሩን አስነስተሽ ፔዳሉን ረግጠሽ ሠላሳ ሰከንድ ያዢው። ጠንክሮ ከቆመ ጨርሰናል። በዝግታ ወደ ታች እየሰመጠ ከሄደ የሚያፈስ ቦታ ካላገኙ የምጠረጥረው ዋናውን የፍሬን ፖምፓ ነው፣ ምን እንደሆነ መልሰሽ ጻፊልኝ፣ እስከዛ ደንገጎን እንዳትሞክሪው።